ርቀት፣ ፍጥነትና ዙር፦ የአንድ የሒሳብ ጥያቄ ጉዞ ከሲራራው መንገድ እስከ ቢላ መማሪያ ክፍል

ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ፍጥነትን ይሰጣል። ይህን ቀመር በትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማካፈልን የቻለ ተማሪም ሁሉ ሊሠራበት ይገባል። ይሁን እንጂ የሒሳብ መምህራን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነጋገሩበት የኖሩት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ማባዛትና ማካፈልን ያለ እንከን የሚሠራው ተማሪ፣ ያው ሥራ በመኪና፣ በእግረኛ ወይም በሯጭ ተመስሎ በቃላት ሲቀርብለት ግራ ተጋብቶ መቀመጡ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ነገር በተማሪው ስንፍና ወይም በሒሳብ ትምህርት ክብደት ይመካኛል። ዳሩ ግን የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለፈበትን ታሪክ ለተከታተለ ሰው፣ መሰናክሉ የሚገኘው ከቀመሩ በፊት፣ ማለትም ጥያቄው በሚነበብበት ቦታ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል። ቀመሩ ባለበት ቆሞ ሳለ መለኪያው፣ ቋንቋውና ምሳሌው የሚወሰድበት ዓለም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግመው ተለዋውጠዋልና።

ለዚህ ታሪክ ወለጋ፣ በተለይም በምዕራብ ወለጋ በቦጂ ምድር የምትገኘው የቢላ ከተማ ጥሩ መመልከቻ ትሆናለች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቢላ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ነቀምት ይደርሳል። ከነቀምት ወደ ጊምቢ ያለው 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ወደ ደዴሳ ወንዝ ቆላ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋው ይወጣል። በመጻሕፍት ውስጥ በብዛት የሚጓዘው ባቡር በዚህ አገር አላለፈም። የመማሪያው ቋንቋም በየዘመኑ ተለውጧል። ስለዚህ አንድ የፍጥነት ጥያቄ ከመጽሐፍ ተነሥቶ ቢላ እስኪደርስ ድረስ ምን ያህል ጊዜ ልብሱን እንደሚቀይር ከዚህ ሥፍራ ሆኖ መመልከት ይቻላል።

ኪሎ ሜትር ከመምጣቱ በፊት

ፍጥነትን መለካት ከውጭ የመጣ ዕውቀት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከወለጋ ወደ መሐል አገር ሲያመላልስ የኖረው ሲራራ ነጋዴ ርቀትን የሚናገረው በቀን መንገድ ነበር። «የሁለት ቀን መንገድ»፣ «የግማሽ ቀን መንገድ» የሚለው አነጋገር ርቀትን በጊዜ ይገልጻል። ይህም ሊሆን የሚችለው በተናጋሪውና በሰሚው መካከል በቃል ያልተነገረ አንድ ስምምነት ስላለ ነው። ስምምነቱ የተጫነ አጋሰስ የሚሄድበት የታወቀ ፍጥነት ነው። የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም በከዋክብት መካከል ያለውን ርቀት «የብርሃን ዓመት» ብለው ሲለኩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው የአጋሰስን፣ ሁለተኛው የብርሃንን ፍጥነት እንደማይለዋወጥ አድርጎ መውሰዱ ብቻ ነው።

ይህን ወደ ዛሬው መለኪያ መመለስ ለተማሪ ጥሩ መልመጃ ይሆናል። አንድ ሲራራ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየሄደ በቀን 6 ሰዓት ቢጓዝ የቀን መንገዱ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከነቀምት አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ለ24 ሲካፈል 13 ከሦስት አራተኛ ይሆናል። እንግዲህ ነጋዴው 14 ቀን ስንቅ መያዝ አለበት ማለት ነው። እውነተኛው ነጋዴ ግን ከዚህ የበለጠ ይዞ ይነሣ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም፤ ከብት ያርፋል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ዳገት ያደክማል። የቀን መንገድ የሚባለው መለኪያ ይህን ሁሉ በውስጡ ይዞ ነበር። ቁልቁለቱና ዳገቱ እኩል ርዝመት ቢኖራቸውም አንደኛው የግማሽ ቀን ሁለተኛው የአንድ ቀን መንገድ ሊባሉ ይችላሉ። ኪሎ ሜትር ሲመጣ ርቀቱ ከጊዜው ተለየ። ይህም ለሳይንስ ታላቅ እርምጃ ሲሆን፣ ለተማሪው ግን ቀድሞ በአንድ ቃል ያውቀው የነበረውን ነገር በሁለት ከፍሎ እንዲያስብ የሚጠይቅ አዲስ ግዴታ ሆነ።

በክብ መንገድ ላይ ያለው ጉዞም እንዲሁ በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር። የባሕረ ሐሳብ ትምህርት በሙሉ የዑደት ሒሳብ ነው፤ «ዐውድ» የሚለው ቃል ራሱ ዙር ማለት ነው። የሳምንቱ ዐውደ ዕለት 7፣ ዐውደ አበቅቴ 19፣ ዐውደ ፀሐይ 28 ነው። በአንድ ክብ ሜዳ ላይ አንዱ ዙሩን በ19፣ ሌላው በ28 ጊዜ የሚጨርሱ ሁለት መንገደኞች ከአንድ መነሻ አብረው ቢነሡ በመነሻው ላይ እንደገና የሚገናኙት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ 19 ሲባዛ በ28፣ ማለትም 532 ነው። ይህ ቁጥር ሊቃውንቱ ዐውደ ቀመር ብለው የሚጠሩት ታላቁ ዑደት ነው።

የስሌቱ ስልትም መምህራን «ቀሪ» በሚሉት ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 በምን ቀን እንደዋለ ለማወቅ፣ በ2018 ላይ 5500 ተጨምሮ 7518 ይገኛል። በዚህ ላይ የአራተኛው እጅ፣ ማለትም 1879 ሲጨመር 9397 ይሆናል። ይህ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ ስለሆነ ዓመቱ ሐሙስ ገብቷል። ስንት ሙሉ ዙር እንደተዞረ አያሻም፤ የሚፈለገው የመጨረሻው ያልሞላ ዙር የት ላይ እንደቆመ ብቻ ነው። አንድ ሯጭ 400 ሜትር ርዝመት ባለው መም ላይ 1500 ሜትር ቢሮጥ ከመነሻው ምን ያህል አልፎ ይገኛል ለሚለው ጥያቄም መንገዱ ይኸው ነው፤ 3 ሙሉ ዙር፣ ቀሪ 300 ሜትር።

የማይል ዘመን

በቦጂ ምድር ፊደል ማስተማር የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ባልደረቦቹ ወደዚያ በመጡ ጊዜ ነው። አስቴር ጋኖና ኦነሲሞስ ነሲብ በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኦሮምኛ የፊደልና የንባብ መጽሐፍ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውም የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ከገባ በኋላ ትምህርቱ በነጆና በነቀምት ቀጠለ። በአዲስ አበባ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። በእነዚህ የመጀመሪያ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ትልቅ ሥፍራ ነበረው፤ የፈረንሳይ የሒሳብ መጻሕፍት ደግሞ በሜትርና በኪሎ ሜትር ይቆጥሩ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ የፈረንሳይኛን ቦታ ሲይዝ፣ ከቋንቋው ጋር ማይል፣ ያርድና ጫማ መጡ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የማትሪኩሌሽን ፈተና ይቀመጡ ስለነበር ስለ ፍጥነት የሚጠየቁት በእንግሊዝ አገር መለኪያ ነበር። ፈተናው ከቀረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የ12ኛ ክፍል ፈተና በሕዝቡ አፍ «ማትሪክ» ሲባል መኖሩ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። የዚያን ጊዜ ተማሪ በሰዓት 15 ማይል ማለት በሴኮንድ 22 ጫማ ማለት መሆኑን በቃሉ ይይዝ ነበር። አንድ ማይል 5280 ጫማ፣ አንድ ሰዓት 3600 ሴኮንድ ስለሆነ ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች ለወለጋ ልጅ ከእግሩ በታች ካለው መሬት ጋር የማይገናኙ ነበሩ። ጫማ ሲባል የሚያውቀው በእግር የሚገባውን እንጂ ርቀትን የሚለካውን አልነበረም።

ምሳሌዎቹም ከዚያው ዓለም የመጡ ነበሩ። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ይመጣሉ፤ አንድ ባቡር ድልድይ ያቋርጣል፤ ተማሪው የባቡሩን ርዝመት በድልድዩ ርዝመት ላይ መደመር እንዳለበት ማወቅ ይጠበቅበታል። የኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደርሷል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ግን አልዘለቀም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ቢሆን መንገዱ ወደ ጅቡቲ ነው። ባቡር ድልድዩን «ጨርሶ አለፈ» የሚባለው የመጨረሻው ጋሪ ሲወጣ መሆኑን ያላየ ልጅ በምናቡ ሊሥለው ይቸገራል። የቢላ ልጅ ይህንኑ ነገር የሚያውቀው በሌላ መልክ ነው። ረጅም የከብት መንጋ ወንዝ ሲሻገር የፊተኛው ላም ማዶ ስትደርስ መንጋው ተሻገረ አይባልም፤ የኋለኛው ጥጃ መውጣት አለበት። የባቡሩ ጥያቄና የመንጋው ጥያቄ በሒሳብ አንድ ናቸው። ልዩነቱ በአንደኛው ተማሪው የሚያስበው በማያውቀው ነገር ላይ፣ በሁለተኛው ግን በየቀኑ በሚያየው ነገር ላይ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ተራ ነገር አልነበረም። «ሚኒስትሪ» በመባል የሚታወቀው የ8ኛ ክፍል ፈተና ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማትሪክ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገቡ በሮች ነበሩ። ከአንድ የቃላት ጥያቄ የሚጎድል ነጥብ አንዱን ወደ ነቀምት ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፣ ሌላውን ወደ እርሻው ሊመልስ ይችል ነበር።

የሜትር መመለስ

በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የመለኪያና የሚዛን አዋጅ ኢትዮጵያ የሜትር ሥርዓትን ተቀበለች። በዚያው ዘመን፣ በ1956 ዓ.ም. አካባቢ፣ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ነቀምትን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማሩ። በዚሁ ዓመት በኡጋንዳ በእንቴቤ የተጀመረውና ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የአፍሪካ የሒሳብ ትምህርት ፕሮግራም የስብስብንና የቁጥርን ባሕርይ የሚያስቀድም አዲስ ሒሳብ ይዞ መጣ።

ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተገናኙት ነገሮች ብዙ ነበሩ። መምህሩ በማይል ተምሮ በኪሎ ሜትር ያስተምራል፤ ተማሪው በቤቱ በኦሮምኛ እየተናገረ በክፍል ውስጥ በአማርኛ ይማራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በቃል የሚያዘውም ቁጥር ተለወጠ። አሁን የሚታወሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 5 ሜትር ማለት መሆኑ ነው። 18000 ሜትር ለ3600 ሴኮንድ ሲካፈል 5 ይሰጣል። አሮጌው «15 እና 22» እንደተረሳ ሁሉ፣ አዲሱም «18 እና 5» ምክንያቱ ካልታወቀ ከቃል ጥናት አያልፍም።

ሦስት ሥራ ያላት ፊደል

ከመለኪያው ይልቅ ግን የከበደው ቋንቋው ነው። በአማርኛ «በ» የምትባለው አንዲት ፊደል በፍጥነት ጥያቄ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ትሠራለች። «በ3 ሰዓት ተነሣ» ሲባል የመነሻውን ሰዓት ታመለክታለች። «መንገዱን በ3 ሰዓት ጨረሰ» ሲባል የፈጀውን ጊዜ ትናገራለች። «በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር» ሲባል ደግሞ ማካፈልን ታዛለች። ሦስቱም በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። «አንድ ነጋዴ አህያ እየነዳ በ2 ሰዓት ከቢላ ተነሥቶ 12 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ገበያ በ3 ሰዓት ደረሰ። ፍጥነቱ ስንት ነው?» ሁለተኛዋ «በ» ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማለት ከሆነ ጉዞው 1 ሰዓት ፈጅቷል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። 3 ሰዓት ፈጅቶበት ማለት ከሆነ ግን ፍጥነቱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም አካፋዮች በማካፈል አልተሳሳቱም። የትኛው ንባብ ትክክል እንደሆነ የሚፈርደው ቀመሩ ሳይሆን አህያው ነው፤ የተጫነ አህያ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አይሄድምና። ገበያ ወርዶ የሚያውቅ ልጅ ይህን ፍርድ ለመስጠት ከማንም የተሻለ ችሎታ አለው፤ ነገር ግን መልሱን ከኑሮው ጋር እንዲያመዛዝን ካልተጠየቀ ችሎታው ከክፍሉ በር ውጭ ይቀራል።

ሊጤን የሚገባው ነገር የልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚለይ መሆኑ ነው። በኦሮምኛ «ሰኣቲ ሰዲቲ» በ3 ሰዓት ላይ ማለት ሲሆን፣ «ሰኣቲ ሰዲ ኬሰቲ» በ3 ሰዓት ውስጥ ማለት ነው። እንግሊዝኛም ሁለቱን በተለያዩ ቃላት ይለያቸዋል። እንግዲህ የወለጋ ተማሪ በቤቱ የሚያውቀውን ልዩነት በ6ኛ ክፍል አማርኛ ሲደባልቅበት፣ በ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ በአዲስ ቃላት እንደገና ሲለይበት ኖሯል። በአማርኛ የሚያስተምር መምህር «ላይ» ወይም «ውስጥ» የምትለውን አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ መሰናክሉ በተነሣ ነበር።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች፣ በግዕዝ ፊደል፣ ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን አስተማረ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። በዚህም ርቀትንና ጊዜን የሚመለከተው ጥያቄ በቢላ ልጅ ቋንቋ ተጻፈ። ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር ግን አልቀረም፤ የሚሻገርበት የክፍል ደረጃ ብቻ ተለወጠ።

ሰዓቱ ራሱም ሌላ ወጥመድ ይዟል። በኢትዮጵያ ቀኑ ከንጋት ስለሚቆጠር የአገሩ ሰዓትና የውጭው ሰዓት በ6 ይለያያሉ። አንዳንዱ ሰው ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር ይሞላል፤ ሌላው በውጭው ሞልቶ አጭሩ መርፌ የሚያመለክተውን ቁጥር ትቶ ተቃራኒውን ያነባል። እንግዲህ «በ9 እና በ10 ሰዓት መካከል ሁለቱ መርፌዎች የሚገጥሙት መቼ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አጭሩ መርፌ በእውነት 9 ላይ ለሆነበት ሰዓት መልሱ 9 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ1/11 ነው። ሰዓቱ በውጭው ለተሞላበት ተማሪ ግን 9 ሰዓት ሲባል አጭሩ መርፌ 3 ላይ ስለሚገኝ፣ መርፌዎቹ የሚገጥሙት 9 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ4/11 ላይ ነው። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው። ጠያቂው ሰዓቱ እንዴት እንደተሞላ ካልገለጸ፣ ከሁለቱ አንዱን ስሕተት ብሎ ማረም ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

የደዴሳ ቁልቁለትና ዳገት

ከፍጥነት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት አማካይ ፍጥነት ነው። ለዚህ ከነቀምት ጊምቢ የሚወስደው መንገድ የተሻለ መምህር አይገኝለትም። ለስሌቱ እንዲመች ወደ ደዴሳ የሚወርደውና ከደዴሳ የሚወጣው መንገድ እያንዳንዳቸው 55 ኪሎ ሜትር ናቸው እንበል። አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን በሰዓት 60፣ ዳገቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? የብዙኃኑ ተማሪ መልስ 45 ነው፤ 60 እና 30 ተደምረው ለ2 ተካፍለዋልና።

ነገር ግን ቁልቁለቱ 55 ደቂቃ፣ ዳገቱ 110 ደቂቃ ይፈጃል። ጠቅላላው 165 ደቂቃ ወይም 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። 110 ኪሎ ሜትር ለ2 ከሦስት አራተኛ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 45 የሚለው መልስ ትክክል የሚሆነው መኪናው በሁለቱ ፍጥነቶች የተጓዘው እኩል ጊዜ ቢሆን ኖሮ ነበር። እዚህ ግን እኩል የሆነው ርቀቱ ነው፤ መኪናው በዳገቱ ላይ እጥፍ ጊዜ ስለሚቆይ አማካዩ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያዘነብላል። በዚያ መንገድ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ጉዞውን የሚያረዝመው ዳገቱ መሆኑን በራሱ ያውቃል። ሲራራው ነጋዴም የዳገቱን መንገድ በቀን ሲቆጥር ይህንኑ ማድረጉ ነበር።

ከሮም እስከ ሞስኮ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ጨረሰ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ያንኑ 42195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሮጠ። የመጀመሪያው 8116.2፣ ሁለተኛው 7931.2 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በሮም በሴኮንድ 5.20፣ በቶኪዮ 5.32 ሜትር ገደማ ነበር። ልዩነቱ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የሮሙ አበበና የቶኪዮው አበበ ጎን ለጎን ቢሮጡ ኖሮ፣ የቶኪዮው ሲጨርስ የሮሙ ገና 185 ሴኮንድ ይቀረዋል። ይህ በ5.20 ሲባዛ 962 ሜትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። ትንሽ የፍጥነት ልዩነት በረጅም ጊዜ ሲባዛ ምን እንደሚያህል ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

የዙር ጥያቄዎች ደግሞ በምሩጽ ይፍጠር ሩጫ ሊማሩ ይችላሉ። ምሩጽ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ 10000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህ 25 ዙር ነው፤ 1662.7 ሴኮንድ ለ25 ሲካፈል ለአንድ ዙር 66.5 ሴኮንድ ይደርሳል። በሴኮንድ 6 ሜትር ያህል፣ በሰዓት ደግሞ 21.6 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

አሁን አንድ ሯጭ ከውስጠኛው መስመር 1 ሜትር ወደ ውጭ ወጣ ብሎ 25ቱንም ዙር ቢሮጥ ምን ያህል ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል? ብዙ ተማሪ በመጀመሪያ የሜዳውን ሬዲየስ ይጠይቃል። ሬዲየሱ ግን አያስፈልግም። የክብ ዙሪያ ሬዲየሱ በሁለት ፓይ ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሬዲየሱ በ1 ሜትር ሲጨምር ዙሪያው በ6.28 ሜትር ይጨምራል፤ ሜዳው ትልቅ ይሁን ትንሽ ለውጥ የለውም። ቀጥታዎቹ የሩጫው ክፍሎች ምንም አይጨምሩም፤ ሁለቱ ግማሽ ክቦች ተገናኝተው አንድ ሙሉ ክብ ይሆናሉ። እንግዲህ 25 ዙር ሲሞላ 157 ሜትር ተጨምሯል፤ በምሩጽ ፍጥነት ይህ 26 ሴኮንድ ያህል ነው። በአጭር ርቀት ውድድር ሯጮች በየመስመራቸው እየተቀዳደሙ የሚቆሙበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለት ሯጮች አብረው ተነሥተው አንዱ ዙሩን በ66፣ ሌላው በ72 ሴኮንድ ቢሮጡ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ደርቦ የሚደርስበት ከ792 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንደኛው 12፣ ሁለተኛው 11 ዙር ሮጠዋል። የሰዓቱ መርፌዎችም ሁለት ሯጮች ናቸው። ረጅሙ 12 ዙር ሲሮጥ አጭሩ 1 ዙር ይሄዳል፤ ስለዚህ በ12 ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ይገጥማሉ። ዐውደ ፀሐይና ዐውደ አበቅቴም በ532 ዓመት መነሻቸው ላይ የሚገናኙት በዚሁ ሕግ ነው። ደብተራው፣ ሯጩና የሰዓት ጠጋኙ ሳይተዋወቁ አንድ ሒሳብ ሲሠሩ ኖረዋል።

የማይቆመው ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት የሚያስተላልፉ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። ዓላማው በአዲስ አበባና በገጠር ያለውን ልዩነት ማጥበብ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ በተወሰነለት ፍጥነት ይሄድ ስለነበር፣ ከክፍለ ጊዜው የሚበልጠውን ወስዶ ለክፍሉ መምህር በመግቢያውና በመውጫው ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይተውለት ነበር። ተማሪው «በ3 ሰዓት» የሚለው «ላይ» ነው ወይስ «ውስጥ» ብሎ ለመጠየቅ እጁን ቢያነሣ የሚያየው አልነበረም። ጥያቄውን ቀስ ብሎ ማንበብ ዋናው ሥራ በሆነበት ትምህርት፣ ሊቆም የማይችል አስተማሪ መሰናክሉን እንዳለ ትቶት ያልፋል።

ከሲራራው ዘመን እስከ ፕላዝማው ያለውን ታሪክ አንድ ላይ ለተመለከተ ባልደረባ፣ የቀመሩ ሦስት ፊደላት ሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ለተማሪው ሦስት ጥያቄዎች መቅረብ እንዳለባቸው ግልጽ ነው። መለኪያው ምንድን ነው? ጊዜው «ላይ» ነው ወይስ «ውስጥ»? በሁለቱ ጉዞዎች መካከል እኩል የሆነው ርቀቱ ነው ወይስ ጊዜው? መልሱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ አራተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ የተባለው እግረኛ፣ አህያ ወይም መኪና በእውነት በዚህ ፍጥነት ይሄዳልን? ይህን ለማድረግ አዲስ መጽሐፍም ሆነ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከአንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። በፈተና እርማትም ጊዜ ማካፈሉን በትክክል ሠርቶ ንባቡን ብቻ የሳተውን ተማሪ ምንም ካልሠራው ጋር አንድ አድርጎ ዜሮ መስጠት ተገቢ አይሆንም። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብሎ የመለሰው ልጅ ማካፈል ያውቃል፤ የቀረው አህያውን እንዲያስታውስ መጠየቅ ብቻ ነው።